ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለባችሁ ልባችሁንም አስመርምሩ፦ ደረጃ በደረጃ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚታየው እጁ ነው። ጣቱ ይዳሰሳል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጠዋት ሰውነቱ እስኪፍታታ ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠየቃል። ልቡን የሚያነሳ የለም። የልብ ሐኪም ጋ ሲሄድ ደግሞ ግፊቱ ይለካል፣ ስለ ጣቱ የሚያነሳ የለም። አንዱ ሐኪም ሌላው ያየዋል ብሎ ያስባል፤ ታካሚው ደግሞ ሁለቱም አይተውኛል ብሎ ተረጋግቶ ቤቱ ይገባል።

በመሀል የሚቀረው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ይህ ሕመም ያለበት ሰው በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋው ከሌላው ሰው በ50 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው። ስኳር ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ አደጋ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ስኳር ያለበት ሰው ልብህን ጠብቅ ሲባል ይውላል። ቁርጥማት ያለበት ግን ክኒንህን ዋጥ፣ ብርድ አይምታህ ተብሎ ይሸኛል።

ስለዚህ ጉዳዩን ራሳችሁ ይዛችሁ መግባት አለባችሁ። እንዴት እንደሆነ በተራ በተራ እንሂድ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። በልጅነት የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ መጥቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ሌላ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለሱ አይደለም። የእኛ ጉዳይ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበትና ዓመታት የሚቆየው ሕመም ነው።

ደረጃ 1፦ መገጣጠሚያና ልብን ምን እንዳገናኛቸው ተረዱ

አጭር ነው፣ አትዝለሉት። መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ እዚያው ጉልበት ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም። ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉት ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎች ከደም ጋር ሰውነትን ሁሉ ይዞራሉ። የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣሉ። የተቆጣ ሽፋን ላይ ቅባት በቀላሉ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውም ክምችት ቶሎ የሚፈነዳ ዓይነት ይሆናል፣ ሲፈነዳ ደም ይረጋበታል፣ የረጋው ደም መንገዱን ይዘጋል። የልብ ደም ሥር ከሆነ ሃርት አታክ፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላው ይደመራል። ሕመሙ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ አንዳንድ ማስታገሻ ግፊት ይጨምራል፣ ስቴሮይድ ስኳርና ግፊት ያወጣል። ሲጋራ ካለ ደግሞ ሁለቱንም በሽታ ያባብሳል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ። ብግነቱ ለረጅም ጊዜ ሳይበርድ የቆየበት ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ሕመሙን መቆጣጠር ልብንም መጠበቅ የሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ወረቀት አዘጋጁ

ስልክ ላይም ይሆናል፤ እኔ ግን ወረቀት እመርጣለሁ፣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ዓይን ውስጥ ይገባል። ብዙ አትጻፉ፣ ከአንድ ገጽ በላይ ማንም አያነብም።

ከላይ ሕመሙ የጀመረበትን ዓመት ጻፉ። አሥር ዓመት ያለፈው ሕመምና የዘንድሮ ሕመም ለልብ እኩል አይደሉም። የሩማቶይድ ፋክተር ወይም የአንቲ ሲሲፒ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ተብላችሁ እንደሆነ አስፍሩ። ከመገጣጠሚያ ውጭ የታየ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከቆዳ ሥር የሚወጡ ጠጣር እብጠቶች፣ የሳንባ ወይም የዓይን ችግር፣ እሱንም ጨምሩ፤ ሕመሙ ጠንከር ያለ ዓይነት መሆኑን ያሳያል።

ቀጥሎ የቤተሰብ ጉዳይ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት የልብ በሽታ ይዟቸው ከሆነ ይህ መጻፍ አለበት። ቤተሰብን መጠየቅ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። “ድንገት ነው የሞተው” ተብሎ የታለፈ ዘመድ ካለ ግን ስንት ዓመቱ እንደነበረ ጠይቁ፣ ምክንያቱ ባይታወቅም ዕድሜው ራሱ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ከዚያ ሲጋራ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት። ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ወጥቶባችሁ እንደነበርና የወር አበባ በስንት ዓመታችሁ እንደቆመ ጨምሩ። ከወሊድ በኋላ ሁሉም ተስተካክሏል ተብሎ ይረሳል፤ የልብ ሐኪም ግን ከዓመታት በኋላም ይፈልገዋል።

መጨረሻ ላይ የምትወስዱት መድኃኒት በሙሉ ይሰፍራል። በሙሉ ስል በማዘዣ የተሰጣችሁን ብቻ ሳይሆን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ የምትገዙትን፣ ጎረቤት የሰጣችሁን፣ “አልፎ አልፎ ብቻ” የምትሉትንም ነው። ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ግፊታችሁን ቤት ውስጥ በትክክል ለኩ

ሐኪም ክፍል ውስጥ የሚለካ ግፊት አንዳንዴ ያታልላል። ደረጃ ወጥታችሁ፣ ሰልፍ ቆማችሁ፣ ጉልበታችሁ እያመማችሁ ገብታችሁ ወዲያው ቢለካ ከፍ ማለቱ አይገርምም። ቤት ውስጥ የሚለካው የበለጠ ይታመናል፣ በደንብ ከተለካ።

በክንድ ላይ የሚጠመጠም ዲጂታል መሣሪያ ያዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለታመመ ጣት ይቀላል፣ ግን ትክክለኛነቱ ያንሳል። ጣታችሁ የክንዱን ጨርቅ መጠምጠም ካቃተው ጨርቁን አስቀድማችሁ በልካችሁ ክብ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እጃችሁን እንደ እጅጌ አስገቡበት። ከዚያ በሌላኛው መዳፍ ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁት። በጣት መሳብ አያስፈልግም። የጨርቁ መጠን ለክንዳችሁ ውፍረት የሚሆን መሆኑን አረጋግጡ፣ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ከባድ እንቅስቃሴ የለም። ሽንት ቤት ግቡ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስረግጣችሁ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ 5 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ትከሻችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ከክንዳችሁ ሥር ትራስ አድርጉ፤ ክንድን በኃይል አንጠልጥሎ መያዝ ግፊቱን ያወጣዋል። ስትለኩ አታውሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና ሁለቱንም ጻፉ።

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊትና ማታ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉትና የቀረውን አማካይ አውጡ። አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። በጣም የሚያማችሁ ቀን ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጡ፣ ግን አትደብቁትም፤ ጎኑ ላይ “ሕመሙ ተነስቶብኝ ነበር” ብላችሁ ጻፉ። 180/120 አልፎ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከብዥታ ወይም ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ ግን ወረቀቱን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ደረጃ 4፦ የኮሌስትሮል ምርመራውን በትክክለኛው ጊዜ አስደርጉ

ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲያገረሽ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። መጥፎው ኤልዲኤልም ይቀንሳል። ደስ አይበላችሁ፣ የልብ አደጋው በዚያው ጊዜ ከፍ እንዳለ ነው። ብግነቱ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል እንጂ የደም ሥሩን አላጸዳውም። ታዲያ ሰውየው በጣም በታመመበት ሰሞን ተመርምሮ “ኮሌስትሮልህ ግሩም ነው” ተብሎ ይሄዳል። ያ ወረቀት ለዓመታት መተማመኛው ይሆናል!

ስለዚህ ምርመራው ሕመሙ በረድ ባለበት ጊዜ ይሁን። ሲያገረሽባችሁ ተመርምራችሁ ከሆነም አይጠፋም፣ ግን ሲረጋጋ ይደገም።

ተቃራኒውም ይገጥማል። ጥሩ መድኃኒት ተጀምሮ መገጣጠሚያው ሲሻለው ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል ይችላል። ቶሲሊዙማብና ቶፋሲቲኒብን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ደንግጣችሁ መድኃኒቱን እንዳታቆሙ። ለሐኪሙ አሳዩት፣ ካስፈለገ ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ ይጨመራል።

ከኮሌስትሮሉ ጋር የስኳር ምርመራ፣ ከተቻለ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ እንዲሁም የብግነቱ መለኪያ የሆኑት ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር በአንድ ቀን ቢወሰዱ ጥሩ ነው። ሲአርፒው ከጎኑ ከሌለ የኮሌስትሮሉ ቁጥር የተወሰደው ሕመሙ ተነስቶ ይሁን በርዶ የሚያይ ሰው አይለየውም።

ደረጃ 5፦ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁ

ሐኪሞች የሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ የልብ በሽታ የመያዝ ዕድልን የሚያሰሉበት ቀመር አላቸው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ ይገባበታል፣ ከመቶ ስንት የሚል ቁጥር ይወጣል። ችግሩ አብዛኞቹ ቀመሮች ሩማቶይድ አርትራይተስን አያውቁትም። ለጤነኛ ሰው የተሠራ ሚዛን ላይ ነው የምትወጡት።

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት፣ በአጭሩ ዩላር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ምክር ቀመሩ ሕመሙን ካላካተተ የወጣው ቁጥር በ1.5 ይባዛ ይላል። 6 በመቶ የወጣለት ሰው በእውነቱ 9 በመቶ ነው ማለት ነው። ይህ ልዩነት አንዳንድ ሰው ስታቲን ይጀምር ወይም ይቆይ የሚለውን ሊለውጥ ይችላል። እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ኪውሪስክ 3 የሚባለው ቀመር ሕመሙን ውስጡ ስላስገባው እዚያ ላይ ድጋሚ አይባዛም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የኮሌስትሮል መመሪያም ሩማቶይድ አርትራይተስን አደጋ ከሚያጎሉ ነገሮች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ሐሳብ አይደለም፣ ሳትሸማቀቁ ጠይቁ።

ጥያቄው ይሄ ነው። “ዶክተር፣ የልብ አደጋዬ ተሰልቷል? ሲሰላ ሩማቶይድ አርትራይተሴ ገብቶበታል?”

በቃ። “ልቤ ደህና ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚያ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ “ደህና ነው” ነው፣ ጀርባ ላይ ማዳመጫ ተደርጎ። የሚሰላ ነገር ጠይቁ፣ የሚሰላ መልስ ታገኛላችሁ። ሐኪሙ “ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም” ካላችሁ “እሺ፣ የማን ነው? ወደሱ ይጻፉልኝ” በሉ። በትህትና፣ ግን ከወንበሩ ሳትነሱ።

ስሌቱ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይደገማል፤ ትልቅ የመድኃኒት ለውጥ ከተደረገም ያኔ። አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ይለዋል።

ደረጃ 6፦ የመድኃኒት ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት

ያለውን ሁሉ አውጡ፣ የቀሚስ ኪስ ውስጥ ያለውንም። አሁን አንድ በአንድ።

ማስታገሻዎች። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሴሌኮክሲብና የመሳሰሉት ሕመም ያስታግሳሉ፣ የልብና የስትሮክ አደጋን ግን ከፍ ያደርጋሉ። ቪዮክስ የተባለው የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ የወጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ማስጠንቀቂያውን ሲያጠብቅ፣ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ እንኳ ሊጀምር እንደሚችልና መጠኑ ሲበዛ፣ ጊዜው ሲረዝም እንደሚጨምር ገልጿል። ዳይክሎፌናክን በተለይ ልብ በሉልኝ። መርፌውም ክኒኑም በየቦታው እንደ ቀላል ነገር ይሰጣል፤ የልብ በሽታ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ሊወስደው አይገባም።

ሕመሙ እየገደለን ምን እንዋጥ ታዲያ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አቁሙ አላልኩም። በየቀኑ ማስታገሻ የምትውጡ ከሆነ ብግነቱን የሚያበርደው ዋናው መድኃኒታችሁ ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ለሐኪሙ የሚነገረውም ይሄ ነው፣ “ማስታገሻ ቀይሩልኝ” ሳይሆን “ያለ ማስታገሻ መዋል አልቻልኩም”። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሕክምናውን አቅጣጫ ያስለውጣል። እስከዚያው የሚሻለውን ዓይነት፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። ከላይ ከተጠቀሱት ሁለት ዓይነት ማስታገሻ ደርቦ መውሰድ ፈጽሞ አይሆንም፣ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

አስፕሪን። ሐኪም ለልብ ብሎ ያዘዘላችሁ ከሆነ ከአይቡፕሮፌን ጋር ያለውን ነገር ጠይቁ፤ አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተወሰደ የአስፕሪንን የልብ ጥቅም ሊያከሽፈው ይችላል። ሳይታዘዝላችሁ “ደም ያቀጥናል” ብላችሁ በየቀኑ የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ከማስታገሻና ከስቴሮይድ ጋር ሲደመር ጨጓራ ያደማል።

ስቴሮይድ። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ተአምር ነው፣ ሰው ተነስቶ ይሮጣል። ለዚያም ነው ብዙ ሰው ሳያስበው ለዓመታት የሚቆይበት። ግፊት፣ ስኳር፣ ክብደት፣ ቅባት፣ ሁሉን ይነካል፣ መጠኑና ጊዜው ሲጨምር የልብ አደጋውም ይጨምራል። ግን ልብ አድርጉ፣ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በራሱ ድንገት ማቆም የለበትም፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም ሕይወት የሚያሰጋ ችግር ይመጣል። የምትጠይቁት “መቼ ነው መቀነስ የምንጀምረው?” የሚለውን ነው።

ሜቶትሬክሴት። ጥሩ ዜና እዚህ ጋ አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ላይ የልብ አደጋ መቀነስ ከዚህ ብግነት አብራጅ መድኃኒት ጋር ተያይዞ ይታያል። ሆዴን አቅለሸለሸኝ ብላችሁ በዝምታ ከማቋረጥ ይልቅ ንገሩ፣ ፎሊክ አሲድ ወይም ሌላ መላ አለ። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ በስህተት የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል፣ ቀኑን በትልቁ ጻፉት።

ሌሎቹን የሩማቶይድ አርትራይተስ መድኃኒቶች ቶሎ ልለፋቸው። ሌፍሉኖማይድ ግፊት ያወጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለቅባትና ለስኳር ደህና ነው፣ ግን የልብ ምት ሥርዓት ችግር ካለባችሁ ወይም ምትን የሚነካ ሌላ መድኃኒት ካለ አስቀድሞ ይነገር። ቲኤንኤፍን የሚያግዱት መርፌዎች ብግነቱን በማብረድ ለደም ሥር ይጠቅማሉ፣ ከባድ የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን አይሰጡም። ጃክ አጋጆች የሚባሉት እንደ ቶፋሲቲኒብ ያሉ ክኒኖች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ያው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የልብና የደም መርጋት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ዕድሜያችሁ ከ65 በላይ ከሆነ ወይም ካጨሳችሁ ይህን ሳታነሱ አትጀምሩ።

አንድ የሚረሳ ነገር። ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟው ፓራሲታሞል ብዙ ሶዲየም አለበት። ጣት ለታመመ ሰው ማሟሟት ይቀላል፣ ግን በየቀኑ ጨው እየጠጣችሁ ነው። ግፊት ካለባችሁ ደረቁን ክኒን ውሰዱ።

ደረጃ 7፦ ብግነቱን አስበርዱት

ከዝርዝሩ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፣ ግን ለመጻፍ አጭሩ ነው። ግቡ “ትንሽ ሻል ብሎኛል” አይደለም። ግቡ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ማለቱ ነው፣ ወይም ቢያንስ በጣም ዝቅ ማለቱ። ሐኪሞች በ28 መገጣጠሚያ የሚለኩበት ዳስ 28 የሚባል ነጥብ አለ፣ ከ2.6 በታች ሲሆን በርዷል ይባላል። የእናንተ ነጥብ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ግቡ ላይ ካልደረሳችሁ ቀጣዩ ዕቅድ ምንድን ነው ብላችሁም ጠይቁ። መቻል ጀግንነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እናንተ ብትችሉትም የደም ሥራችሁ አይችለውም።

ደረጃ 8፦ የየቀኑን ነገር አስተካክሉ

ሲጋራ አቁሙ። ብግነቱን ያባብሳል፣ የአንዳንድ መድኃኒት ጥቅም ይቀንሳል፣ ደም ሥር ያበላሻል። ካቆማችሁ በ1 ዓመት ውስጥ የልብ በሽታ አደጋው ከሚያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ክኒን የለም።

እንቅስቃሴ። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚል ምክር ሰምታችኋል፣ ጉልበታችሁ አብጦ ሳለ ሲነገራችሁም ተናዳችኋል። ልክ ናችሁ። ግን 150 ደቂቃው በአንድ ቀን አይደለም፣ በ10 በ10 ደቂቃ መከፋፈል ይቻላል። ጠዋት ሰውነት ተሳስሮ እያለ አይደለም፣ ከተፍታታ በኋላ ነው። ዋና፣ የቆመ ብስክሌት፣ ሜዳ ላይ መራመድ መገጣጠሚያ ላይ ጫና አይበዛባቸውም። ልኩን በንግግር እወቁ፦ እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው። ሕመሙ የተነሳበት ቀን ያበጠውን መገጣጠሚያ አሳርፉ፣ ሌላውን አንቀሳቅሱ። በማግስቱ ሕመሙ ከወትሮው ከባሰ መጠኑን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

ክብደት ላይ ሚዛን ያታልላችኋል። ይህ ሕመም ጡንቻ ይበላል፣ በቦታው ስብ ይገባል፣ ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ያው ነው። “አልወፈርኩም” ያለ ሰው ወገቡ ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ወገባችሁን በሜትር ለኩ፣ እሱ አይዋሽም። ጡንቻን የሚመልሰው የጥንካሬ እንቅስቃሴ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ፤ ጣት መጨበጥ ካልቻለ ላስቲክ ክንድ ላይ ታስሮ ይሠራል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው እሱን ስለሆነ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ ያልተፈተገ እህል። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ያ ማለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ቁርጥማቱንም ልቡንም ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ጥርሳችሁንም ተንከባከቡ፣ የድድ ሕመም ከሁለቱም በሽታ ጋር ይያያዛል። ብሩሹ ለጣታችሁ ከቀጠነ እጀታውን በስፖንጅ አወፍሩት።

ደረጃ 9፦ ሁሉን በመገጣጠሚያ አታሳብቡ

ሕመም የለመደ ሰው አዲስ ሕመምንም አሮጌው ውስጥ ይጨምረዋል። ትከሻዬን አመመኝ? ቁርጥማቱ ነው። መንጋጋዬ? ቁርጥማቱ ነው። ድካም? የታወቀ ነው። እግሬ አበጠ? እሱማ ሁልጊዜ ያብጣል። አሁን እነዚህን አራቱን መልሳችሁ አንብቡ፣ አራቱም የልብ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ሃርት አታክ ከሌላው ሰው የበለጠ እንደሚታይ የታወቀ ነው።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር አለ። የተሳሰረ መገጣጠሚያ ሲያንቀሳቅሱት ይፍታታል። ልብ ግን ሲያሠሩት ይብስበታል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። ዳገት ስትወጡ የሚመጣ፣ ቆም ስትሉ የሚለቅ የትከሻ፣ የመንጋጋ ወይም የደረት ጫና ካለ፣ ቢለቅም በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። ክንዱን ሳታነሱት፣ ሳትነኩት ዝም ብሎ የሚያም ትከሻም ያጠራጥራል። ብዙ የማትራመዱ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም ልብን የሚፈትን ሥራ አልሠራችሁም። “ደረቴን አሞኝ አያውቅም” ስለዚህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

እግር ሲያብጥ እንዲህ ፈትሹ። የቅልጥማችሁን አጥንት ፊት ለፊት በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ጫን በሉና ልቀቁ። ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ውኃ ነው የቋጠረው። ሁለቱም እግር እንዲህ ከሆነ፣ ለመተኛት ትራስ መደራረብ ከጀመራችሁ፣ ወይም ክብደታችሁ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ልብ እየደከመ ሊሆን ይችላል፣ አትቆዩ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከጉልበት ጀርባ የሚወጣ የውኃ ከረጢት ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፣ የረጋ ደምም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም፣ በእሽትም አይድንም። እንዳታሹት! በአልትራሳውንድ ነው የሚታየው፣ በዚያው ቀን።

ስትተኙ የሚብስ፣ ቀና ብላችሁ ወደ ፊት ስታጎነብሱ የሚቀልል ስለት ያለው የደረት ሕመም የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል። ይሄም የዚሁ ሕመም አንዱ ገጽታ ነው፣ ይታከማል።

አሁን ወዲያው ድንገተኛ የሚያስጠሩትን። ከጥቂት ደቂቃ በላይ የቆየ ወይም ሄዶ የተመለሰ የደረት ጫና፣ ወደ ክንድ፣ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ መዛል። ሴቶች ላይ ደረቱን ሳያም ትንፋሽ ማጠርና መዛል ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ አንድ እጅ መዛል፣ አንደበት መያያዝ ስትሮክ ነው። በእነዚህ ጊዜ መኪና ራሳችሁ አትንዱ፣ ማስታገሻ ውጣችሁ “ልየው” አትበሉ። አምቡላንስ ስትጠሩ አስፕሪን አኝኩ ካሏችሁና አለርጂ ወይም የመድማት ችግር ከሌለባችሁ አኝኩ። ስትሮክ ከመሰለ ግን አስፕሪን አትንኩ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የምትናገሩትን አሁኑኑ ለቤት ሰውም አስጠኑት። “ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ፣ ይሄ ግን የለመድኩት ሕመም አይደለም።” ይህን ካላላችሁ ጣታችሁን ያየ ሁሉ ማስታገሻ ወግቶ ሊመልሳችሁ ይችላል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳልኝ ብላችሁ መጠየቅም ነውር የለውም።

ደረጃ 10፦ ወረቀቱን አድሱ

መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር፣ ሕመሙ ክፉኛ ባገረሸ ቁጥር፣ ቤተሰብ ውስጥ አዲስ የልብ በሽታ በተገኘ ቁጥር አድሱት። ምንም ባይኖር እንኳ በዓመት አንዴ ግፊቱን ለ7 ቀን ለክታችሁ ቁጥሩን አስገቡ። አዲሱን ስትጽፉ የድሮውን አትጣሉት፣ ከኋላ አያይዙት፤ ግፊቱ መውጣት የጀመረው የትኛው መድኃኒት በተጀመረ ሰሞን እንደሆነ ሐኪሙ የሚያገኘው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ነው።